ኮምጣጣው ሽምብራና የጓይ ትል፦ የሳይንስ ክበባችን ዓመት

ክበባችን በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ጥያቄ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ዩቲዩብ ላይ የታየ ነገር ነው። ዘንድሮ ግን ጥያቄው ከማሳ መጣ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የሽምብራ ቅጠል እንዲህ እየኮመጠጠ ትሉ እንዴት ይበላዋል?» አለች። ሮኬት እንሥራ ይል የነበረው ቡድን ትንሽ አኮረፈ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እኛ ሚንጃር ነን፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሽምብራ ገበሬ ልጆች ናቸው። እንዲያውም «አረርቲ» የሚባል የሽምብራ ዝርያ አለ፣ የከተማችንን ስም የያዘ።

የመጀመሪያው ሥራ ኮምጣጣውን ነገር መያዝ ነበር። ህንድ ውስጥ ገበሬዎች ማታ ስስ ጨርቅ ሽምብራው ላይ ያለብሳሉ፤ ጠዋት ከጤዛው ጋር ጨምቀው እንደ ኮምጣጤ ይጠቀሙበታል። ይህን ስነግራቸው በማግስቱ አንዱ አሮጌ ነጠላ ይዞ ከተፍ አለ። እናቱ ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከነጠላው የተጨመቀው ውሃ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት ወዲያው አቀላው። ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ማሊክና ኦክሳሊክ አሲድ ያወጣሉ፤ እሸት ስንበላ ከንፈራችን ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ኦክሳሊክ አሲዱ ሽምብራችንን የሚበላውን ትል፣ የጓይ ትልን፣ እድገት ያዘገያል፣ ግን አያቆመውም። የልጅቷ ጥያቄ በግማሽ ተመለሰ።

ኅዳር ላይ ነገሩ ጦፈ። ልጆቹ አንድ የሞተ ትል አገኙ። ተክሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ሲነኩት ቆዳው ተቀደደና ውስጡ ፈሰሰ። ሁሉም «ዌ!» ብለው ሸሹ፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሰው መጡ። እንዲህ የሚገድለው የትሉ የራሱ ቫይረስ ነው። በቫይረሱ የተያዘ ትል ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ሞቶ ሲፈርስ ፈሳሹ ከታች ባለው ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። ቅጠሉን የበላ ሌላ ትል ደግሞ ይታመማል። ሰውን፣ ከብትንና ንብን አይነካም። ለዚህም ነው በተለያዩ አገሮች ይህ ቫይረስ እየተመረተ በጸረ ተባይ መድኃኒት ፋንታ የሚረጨው።

ታዲያ ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። ይህ ቫይረስ ሽምብራ ላይ ሲረጭ ይዳከማል። ልጆቹ ይህን በገዛ ዓይናቸው ለማየት የሞተውን ትል ውሃ ውስጥ አሹት፤ ውሃውን የሽምብራና የቲማቲም ቅጠል ቀብተው ለትሎች ሰጡ። ቲማቲም የበሉት ቀድመው አለቁ። ግን ምንም ያልተቀባ ቅጠል ከበሉትም የሞቱ ነበሩ። ስለዚህ በሚኒ ሚዲያ «አረጋገጥን» ተብሎ የተነበበው ትንሽ ተጋኗል። አላረጋገጥንም፤ በደንብ ጠረጠርን እንጂ።

ቫይረሱን ያዳከመው ምንድን ነው? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሲዱ ነዋ!» አለ። ሊትመሱን አይተዋላ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ግን አሲዱን ነጻ አውጥቶታል። አሲዶቹን ለብቻቸው ከቫይረሱ ጋር ሲቀላቅሏቸው ምንም አላደረጉትም። ጉዳት ያደረሱት ባዮካኒን ኤ እና ሲሶትሪን የሚባሉ፣ ቅጠሉ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙ ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ጉዳቱን በሙሉ አያብራሩትም። ቫይረሱ ቅጠሉ ላይ 1 ሰዓት ከቆየ በኋላ አንስተው ሌላ ምግብ ላይ ቢያደርጉት እንኳ ጉልበቱ አልተመለሰም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። ተክሉ ላይ ሲረጭ የሁለቱ ንጥረ ነገሮች መጠን በ1 ሰዓት ውስጥ እስከ 3 እጥፍ ጨመረ። ቫይረስ የሌለበት ፈሳሽ ሲረጭም እንደዚያው ሆነ። ማለትም ተክሉ ለመረጨቱ መልስ ሰጠ እንጂ ቫይረሱን አላወቀውም። ወዳጅ ይምጣ ጠላት ይምጣ፣ በሩን ይዘጋል።

በወላጆች ቀን አንድ አባት ፖስተሩን ጥሞና ሰጥተው አነበቡና፣ «እንግዲያው ይህን ነገር የሌለው ዘር ይውጣልና!» አሉ። የክበቡ ፀሐፊ፣ «አባባ፣ እሱ ከሌለ ሌላ በሽታ ቢመጣስ?» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ተክል እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሠራው ራሱን ለመከላከል ነው። ተመራማሪዎቹም ያሰቡት ቫይረሱን ከቅጠሉ ኬሚካል የሚከልል አዘገጃጀት ነው፤ ዘሩን ማዳከም አይደለም።

ሽምብራ ብቻውን አይደለም። ትል ለመግደል በብዙ አገር የሚረጭ ቢቲ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ኒኮቲን የበላ የትምባሆ ትል ቢቲን የተሻለ ይቋቋማል፤ ትሉን ሊጎዳ የተሠራው ኒኮቲን ባክቴሪያውን ይጎዳዋልና። የተገላቢጦሹም አለ። አንዳንድ የበቆሎ ዝርያዎች የትሉን አንጀት ሽፋን የሚበሳ ኢንዛይም ይሠራሉ፤ በተበሳው በኩል የቢቲ መርዝ በቀላሉ ያልፋል። ያ ኢንዛይም ከተሞከረባቸው ትሎች አንዱ በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። እኔ በበኩሌ አንድ ባዮሎጂካል መድኃኒት «ይሠራል» ሲባል «በየትኛው ሰብል ላይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካፈራን ዓመቱ አልባከነም እላለሁ።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በፈተና ስለተጣበበ በበቆሎ ላይ ልንሞክረው ያሰብነው ሥራ መደብ ከማዘጋጀት አላለፈም። በመጪው ዓመት ይቀጥላል። የሮኬቱ ቡድንም ተራው እንዲደርሰው አቤቱታ አስገብቷል።

አንድ ማሳሰቢያ። የጓይ ትሎች እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለአንድ ትል ነው። ቤታችሁ ክዳን ያለው ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ካለ አትጣሉት፤ አጥባችሁ ለቤተ ሙከራ ኃላፊዋ ስጡልን።