የሲሙሌተሩ የስቶል ሞዴል ከማሻሻያው በኋላ ስለመበላሸቱ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ለሲሙሌተሩ አቅራቢ ድርጅት
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል

ጉዳዩ፦ የተሳሳተውን የስቶል ሞዴል ይመለከታል

ድርጅታችሁ ባለፈው ወር አዲሱን ሶፍትዌር ከጫነልን ወዲህ የበረራ ሲሙሌተሩ ስቶል ውስጥ (ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሳውን ኃይል በሚያጣበት ሁኔታ ውስጥ) ሲገባ የሚያሳየው ጠባይ ከእውነተኛው አውሮፕላን እጅግ የራቀ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በበረራ አሰልጣኝነት ኃላፊነቴ ይህን ቅሬታ በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

በ10 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሞተሮቹን ወደ አይድል (ዝቅተኛው ኃይል) መልሰን፣ ፍላፕ ሳንዘረጋ፣ ሰልጣኙ መሪውን ወደ ራሱ እየሳበ ከፍታውን እንዲጠብቅ አደረግሁ። ስቶል መቃረቡን የሚያስጠነቅቀው ስቲክ ሼከር በሰዓቱ መሪውን አንቀጠቀጠው፤ እስከዚህ ድረስ እንከን አልነበረውም። ሰልጣኙ መሳቡን ሲቀጥል ግን አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና እንዳደረገ፣ ክንፎቹ ሳይናወጡ፣ ቀስ ብሎ ቁልቁል መውረድ ጀመረ፤ በኤይለሮን (በክንፎቹ ላይ ባለው የማዘንበያ መቆጣጠሪያ) ወደ ቀኝ ሲያዘነብለውም ወዲያውኑ ታዘዘለት። ከማሻሻያው በፊት በዚሁ ልምምድ አካሉ በኃይል ይርገፈገፍ፣ ግራ ክንፉ ቀድሞ ይወድቅ፣ ኤይለሮኑም ይደክም ነበር። አምስት ጊዜ ደጋግመን ሞከርነው፤ አምስቱም ጊዜ ለውጥ አልነበረውም።

እንደ እኔ ግምት ችግሩ ያለው በኤሮዳይናሚክስ ሰንጠረዡ ጫፍ ላይ ነው፤ ክንፉ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራው አንግል ከተለካው ዳታ ሲያልፍ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ የሚቀጥል ይመስላል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የአሰልጣኙ ስክሪን ሞዴሉ አስተማማኝ በሆነው ክልል ውስጥ እንዳለ አድርጎ በአረንጓዴ ማሳየቱ ነው፤ አሰልጣኙ የሚተማመንበት ሌላ ምልክት የለውምና። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የአሜሪካ የሲሙሌተር ደንብ ለሙሉ ስቶል ሥልጠና የሚውል ሞዴል ስቶሉ ከሚታወቅበት አንግል ቢያንስ 10 ዲግሪ አልፎ እንዲሠራ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በወደቀው የኤር ፍራንስ 447 በረራ አብራሪዎቹ ስቶል ውስጥ መሆናቸውን ሳይለዩ 228 ሰዎች አልቀዋል። ስቶል ውስጥ ኤይለሮን ይታዘዛል ብሎ የተማረ እጅ በአየር ላይም ያንኑ ይደግማል።

ስለዚህ የቀድሞው የሶፍትዌር ቅጂ በአስቸኳይ እንዲመለስልን፣ የአዲሱ ሞዴል ዳታ ከየት እንደተወሰደና እስከ ስንት ዲግሪ እንደተረጋገጠ ከበረራ ሙከራ ውጤቶች ጋር ተነጻጽሮ በጽሑፍ እንዲላክልን እጠይቃለሁ። እስከዚያው የስቶል ልምምዱን አቁሜያለሁ። ከማሻሻያው ወዲህ የሠለጠኑትን አብራሪዎች እንደገና መጥራት ስላለብን የዚህን ወጪ ድርጅታችሁ እንዲሸፍን አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የበረራ አሰልጣኝ

ግልባጭ፦
ለሥልጠና ጥራት ክትትል ክፍል