ይድረስ ለትምህርት ሚኒስትር፦ ስለ ምላጭና ስለ ጭብጨባ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጥያቄዬ አንድ ነው። ተማሪዎች ፕሮፓጋንዳ እንዴት እንደሚሠራ ክፍል ውስጥ ይማሩ። ትርጉሙን ሸምድደው ለፈተና እንዲጽፉት አይደለም፤ አሠራሩን በዓይናቸው እንዲያዩት ነው።

ከምላጩ ልጀምር። ቤሪያ የስታሊን የስለላ ሹም ነበር። ስታሊን በሞተ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ተይዞ ተረሸነ። ታላቁ የሶቪየት ኢንሳይክሎፒዲያ ግን ቀደም ብሎ ከነፎቶው አሞግሶት ታትሟል፤ መጽሐፉም በየሰው ቤት ተደርድሯል። ታዲያ ምን ተደረገ? ለደንበኞች ፖስታ ተላከ። የቤሪያን ገጾች በመቀስ ወይም በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡ፣ በምትካቸው እነዚህን ለጥፉ ይላል። በአዲሶቹ ገጾች ላይ ስለ ቤሪንግ ባሕር በሰፊው ተጽፏል። (ባሕሩ ምን በደለ!)

እስቲ አንዱን ደንበኛ ያስቡት። ማታ መብራት ሥር ተቀምጦ በገዛ መጽሐፉ ላይ ምላጭ ይዟል። የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል። ግን ይቆርጣል። ልጁ ነፍስ አውቆ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያገኘው ባሕሩን ብቻ ነው።

"ሕዝቡ ሞኝ ነው እንዴ፣ ይህን እንዴት አመነ?" የሚል አይጠፋም። የሞኝነት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ተማሪዎች ብዙ ዓረፍተ ነገሮች እየተነበቡላቸው የትኛው እውነት እንደሚመስላቸው ተጠየቁ። ሦስት ዙር፣ በየሁለት ሳምንቱ። በየዙሩ የተደጋገሙት፣ ሐሰት የሆኑትም ጭምር፣ ይበልጥ እውነት እየመሰሏቸው ሄዱ። ማንም አላስፈራራቸውም። ናዚ ጀርመን ደግሞ ማስፈራሪያውን ጨመረችበት። መጀመሪያ ርካሽ ሬዲዮ በየቤቱ አስገባች፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የውጭ ጣቢያ ማዳመጥን ወንጀል አደረገች።

እኔን ግን ከድግግሞሹ በላይ የሚያስፈራኝ ጭብጨባው ነው። ያላመነ ሰው ፈርቶ ያጨበጭባል። አጠገቡ ያለው ያንን ያይና "ለካ ያላመንኩት እኔ ብቻ ነኝ" ብሎ እሱም ያጨበጭባል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1989 የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩ በዋና ከተማው ቡካሬስት ላይ የድጋፍ ሰልፍ ጠርቶ ሲናገር ከመሀል ጩኸት ተነሣ። በቀጥታ ይተላለፍ የነበረው ስርጭት ተቋረጠ። በማግስቱ ሰውዬው በሄሊኮፕተር ሸሸ። አብዛኛው ሰው ሐሳቡን የቀየረው በዚያች ቀን አይመስለኝም። ጎረቤቱ የሚያስበውን የሰማው ግን ያን ቀን ነው።

አደራ፣ ምሳሌው ሁሉ የሰው አገር ብቻ አይሁን። እንዲያ ከሆነ ትምህርቱ ራሱ ፕሮፓጋንዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት መግለጫም ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና ተማሪዎች ይጠይቁ፤ ምን ተባለ? ምን ተዘለለ? ማን አልተጠየቀም?

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ የእርስዎን ንግግር ቢተች እሱም ሆነ መምህሩ እንደማይቀጡ በፊርማዎ ይጻፉልን። መልስዎን በግልጽ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ