በጣሳ ሳይሆን በሚዛን፦ ለወሎ የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሰሜን ወሎና ለደቡብ ወሎ ዞን የአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤቶች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቤተ ክርስቲያን የምግባረ ሠናይና የልማት ሥራ የምናገለግል ሰዎች ነን። የምንጽፍላችሁ ከውጭ የሚመጣው እርዳታ ቀበሌ ከደረሰ በኋላ ስለሚታደልበት መንገድ ነው። ለጋሹ በቅን ልቡ ሰጥቶ ይሆናል። ስንዴው ከመኪና ወርዶ አንዲት መበለት ከረጢት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያለው ሥራ ግን የእኛና የእናንተ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይህንኑ ጣጣ ይነግረናል። በኢየሩሳሌም የዕለቱ ማዕድ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘለሉ ነበርና ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ አድማ አልቆጠሩትም። ሕዝቡን ሰብስበው በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ማዕዱን የተበደለው ወገን እንዲያድለው የተደረገ ይመስላል።

ስለዚህ ተረጂ የሚመለምለውና አቤቱታ የሚሰማው አንድ ሰው መሆን የለበትም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለቱንም ከመራ፣ ስሟ የተዘለለ ሴት አቤት የምትለው ለዘለላት ለዚያው ሰው ነው። አቤቱታ ሰሚዎቹን ቅሬ፣ እንደ እድር ያለው የቀብር መረዳጃ ማኅበር፣ ይምረጥ እንላለን። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቅሬ አብሮ ይቀብራል፤ ማን በሬውን እንደሸጠ፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር ገንዘብ እንደምትልክ፣ የማን ምድጃ እንደቀዘቀዘ ከቅሬ የሚሰወር ነገር የለም። የተመረጡት ስም ዝርዝርም በግድግዳ መለጠፉ አይበቃም፤ ማንበብ የማይችለው ብዙ ነውና ከእደላው ቀደም ብሎ በየጎጡ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የአስቸኳይ ጊዜ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 75 ኪሎ እህል ይደርሰዋል፤ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት አንድ ተኩል ማለት ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ከግማሹ ላይ ነው። ከረጢቱ ተፈትቶ በጣሳ ሲሰፈር አንዱ ጣሳ ይጠቀጠቃል፣ ሌላው ይላላል፣ መሬት የፈሰሰው ጥራጊም ባለቤት አይኖረውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቤተሰቦችን ድምራቸው አሥር ነፍስ እንዲሆን አድርጎ ማቧደን። አሥር ሰው 150 ኪሎ፣ ሦስት ያልተፈታ ከረጢት ይሆናል። አራት ነፍስና ስድስት ነፍስ ያለባቸው ቤቶች ቢጣመሩ ሦስተኛውን ከረጢት 10 እና 40 ኪሎ አድርጎ የሚከፍልላቸው ተንጠልጣይ ሚዛን እዚያው ዛፍ ላይ ይሰቀል። ጠዋት ሥራ ሲጀመርም ሁለት ሦስት ያልተፈቱ ከረጢቶች በሕዝቡ ፊት ይመዘኑ፤ ሚዛኑ የሚያብል ከሆነ ወይም ከረጢቱ በመንገድ የጎደለ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ከበጀት ይከፈል እንጂ ከተረጂው ኪሎ አይቀነስ።

ሌላው በደግነት ስም የሚፈጸም ስሕተት ነው። ኮታው ከተራበው ሰው ሲያንስ ጠብ እንዳይነሳ ተብሎ 15ቱ ኪሎ ለሁለት ይከፈላል፤ «ለሁሉም ይዳረስ» ይባላል። ጎረቤት ጎረቤቱን ማሰቡ ደግ ነው። ነገር ግን 7 ኪሎ ተኩል ወር አያደርስም፣ ሰውየውም ፍየሉን ይሸጣል። ከዚያ የሚከፋው ሪፖርቱ ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ሁሉም እንደተረዳ ያሳያልና የቀጣዩ ወር ኮታም አይጨምርም። ያልደረሳቸው ሰዎች ቁጥር በራሱ አምድ ተጽፎ ይላክ።

ከሥሩ የሚበላሽ እደላ እስከ የት እንደሚደርስ በሰኔ 2015 ዓ.ም. አይተናል። እርዳታ ላልታሰበለት ወገን ዋለ ተብሎ የአሜሪካው ተራድዖ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን ለወራት አቋረጡ። እህሉን የወሰደው ሌላ፣ የተራበው ሌላ።

በሴፍቲኔት፣ ድሃ ቤተሰብ ለማኅበረሰብ ሥራ እየወጣ እርዳታ በሚያገኝበት መርሐ ግብር፣ «የማይሠራ አይብላ» የሚል ቃል ይጠቀሳል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ሊሠራ ስለማይወድ ሰው እንጂ ስለማይችል አይደለም። በአንድ ሰው በወር 5 ቀን ስሌት የአምስት ሰው ቤት 25 ቀን ይወጣበታል፤ ይህን አንዲት እናት ብቻዋን እርከን ላይ ድንጋይ እየተሸከመች ልትከፍል አይገባም። ነፍሰ ጡርና እመጫትም ሥራ ወደማይጠየቅበት ቀጥታ ድጋፍ ይዛወሩ።

ስለ ጊዜና ስለ ቦታ ባጭሩ። ለደላንታና ለመቄት የሚላክ የበልግ ዘር የካቲት ሳያልፍ ይድረስ፤ ከዘገየ ቆሎ ይሆናል፣ በመድኃኒት የታሸ ከሆነም የበላውን ይመርዛል። ከመኸር በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ የባቲ ሰኞ ገበያ እህል ሲሞላበት ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ፤ ያኔ ስንዴ ማራገፍ የቃሉ ወረዳን ገበሬ የእህል ዋጋ ይሰብራል። በሐምሌና በነሐሴ ግን እህሉ ራሱ ይምጣ። የማደያ ጣቢያም ለጎጥ ይቅረብ። በ1977 ዓ.ም. ኮረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ሳለች፣ ሕዝቡ እህል ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ አንድ ሜዳ ላይ ሲከማች በረሃቡ ላይ ኩፍኝና ተስቦ ተጨመሩበት።

ለእኛ ወገንም የምንለው አለን። ክርስቲያን ለጋሾች የላኩት እህል በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይታደል፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ይሻላል። ቀኑ ዓርብም እሑድም አይሁን። ከእህሉ በፊት ስብከት አይቅደም፣ የተቀባይዋም ፊት ለለጋሽ ተብሎ ፎቶ አይነሳ። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም።

የምንጠይቃችሁ ከመጪው በልግ በፊት በየዞናችሁ አንዳንድ ወረዳ መርጣችሁ ይህን እንድትጀምሩ ነው፤ ሚዛኑ ይሰቀል፣ ዝርዝሩ ይነበብ፣ አቤቱታ ሰሚዎቹን ቅሬ ይምረጥ፣ ያልደረሳቸው ይቆጠሩ። በየጣቢያው ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ አንዳንድ የሚዛን ታዛቢ እንዲቆም ከፈቀዳችሁ፣ በእኛ በኩል የሚቆመውን ሰው ያለ አበል እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር