ይድረስ ለወዳጄ ለሰለሞን

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ። ድምፄ የጠፋው በእማዬ ሕመም ነው። አሁን ተሽሏታል፣ አትደንግጥ።

ክረምት ላይ ነው የጀመራት። ከጓዳ ሳሎን እስክትደርስ ታለከልካለች። ማታ ትራስ ካልደራረበች አትተኛም። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አለ፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሰፈሩ ሁሉ «ልቧ ነው» አለ። ሐኪም ቤትም የልብ ድካም ተብሎ የሚያሸና መድኃኒት ተሰጣት። እብጠቱ ጎደለ፣ ልቧ ግን መደለቁን አልተወም።

ኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም የእማዬን አንገት ዳሰሰች። ያቺን እንቅርት ታውቃታለህ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ያየናት ናት፤ ማን ልብ ይላታል? «በዚህ ብርድ ጋቢ ይሞቃቸዋል?» አለችኝ። አዎ፣ አውልቃ ትጥለዋለች። «እየበሉ ይከሳሉ?» እሱም አዎ። እጇን አስዘርግታ ጣቶቿ ላይ ወረቀት ስታስቀምጥባት ወረቀቱ ተርገፈገፈ። የደም ምርመራው ሲመጣ ቲኤስኤች (ታይሮይድን፣ ያን ሲያብጥ እንቅርት የሚሆነውን የአንገት ዕጢ፣ የሚያዘው ሆርሞን) ወለል ላይ ነው፣ ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ግን ጣሪያ ነክቷል። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰውነት በሙሉ ይቸኩላል። ልብም እሱን ላድርስ ብላ ቀን ከሌት ስትሮጥ ትደክማለች። የእማዬማ ምቱም ተዛብቶ ነበር፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው!

እንቅርት ያለው ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ብዙው ዝም ብሎ ይኖራል። የቆየ ሲሆን ግን አንዳንዴ በስተርጅና ይነሳል።

አሁን ሆርሞኑን የሚቀንስና ምቱን የሚያረጋጋ ኪኒን ትወስዳለች። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን አምጧት ተብለናል፤ ኪኒኑ አልፎ አልፎ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ያወርዳል።

ይህን ሁሉ የማወራህ የእናትህን ነገር ስለሰማሁ ነው። የእሳቸውም እግር አብጦ «ልብ ነው» ተብሏል አሉ። ይሆናል። ግን ልባቸውን ምን እንዳደከመው ጠይቅ። ደም ማነስም እንዲህ ያደርጋል፣ በተለይ ደም የሚመጥ የሆድ ትል ለዓመታት ሲያመጣው። የቫይታሚን ቢ1 እጥረትም አለ። ኩላሊትም ፕሮቲን ሲያፈስ እግር ያሳብጣልና ሽንታቸው ይታይ። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት) እና ቲኤስኤች ከአንድ ጊዜ ደም የሚታዩ ናቸው፤ እንዳትተዋቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ውጤቱን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ለእማዬ ሐኪም አሳያታለሁ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ

ዳዊት