ያገገመ ሰው ካርድ ክፍል አይሰለፍም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳር የሱስ ወሬ በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በወንጀጣ ጫትና በአረቄ ቤቶች ላይ ነው። እኛ ደግሞ ስለ አእምሮ ሕክምና ባለሙያው እንናገር። ለስኳር ሕመምተኛው «አባባ፣ ይቀመጡ» የሚል አፍ የዚያው ዕድሜ እኩያ የሆነውን የአእምሮ ሕመምተኛ «አንተ፣ ና» ይለዋል። ሲወጣም «እሱ እኮ ደንበኛችን ነው» ይባልለታል።

ነገሩ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ሕመም ያገረሸበት ደጋግሞ ይመጣል፤ ተሽሎት ባጃጁን የሚነዳው አይመጣም። ባለሙያው የሚያየው የሚመላለሰውን ብቻ ስለሆነ «ይህ በሽታ አይድንም» ወደ ማለት ይደርሳል። ፓትሪሺያና ጃኮብ ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች ሐኪምን የሚያታልለውን ይህን ዕይታ በ1984 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። በ1987 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት ጥናት ደግሞ፣ ለዓመታት ሆስፒታል የቆዩ የአእምሮ ሕሙማን ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲፈለጉ ከግማሽ የማያንሱት አገግመው ወይም በእጅጉ ተሽሏቸው ተገኝተዋል።

ተስፋ መቁረጡ ወደ ማዘዣው ወረቀት ይወርዳል። ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው መቀመጥ አቅቶት እግሩን እያፈራረቀ ሲንቆራጠጥ «ተነሣበት» ተብሎ መጠኑ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ ግን መንቆራጠጡን ያመጣው መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ በጨመሩለት ቁጥር ይብስበታል። «የሚያስቸግርዎ ሐሳብዎ ነው ወይስ እግርዎ?» ብሎ መጠየቅና መድኃኒቱ የተጀመረበትን ወይም የተጨመረበትን ቀን ካርዱ ላይ ማየት ይበቃል። ከዚያ መጠኑን መቀነስ፣ አስም ከሌለበትም ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት መሞከር ነው። ይህ ሳይደረግ ሰውየው ክኒኑን ሲጥለው «አልታዘዝ አለ» ተብሎ ይጻፍበታል።

ቃሚን ስለ ጫቱ ብቻ ጠይቆ ጨብሲውን፣ ከጫት በኋላ የሚጠጣውን መጠጥ፣ መዝለልም አለ። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ዱካክ ይጫነዋል፤ ያልፋል። በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን በመጀመሪያው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሊያንፈራግጠው ይችላል፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህን «አበደ» ብሎ ማሰር ወይም በሃሎፔሪዶል ብቻ ማስተኛት ለሞት ያደርሳል። የሚያስፈልገው ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ነው፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊትም ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1)። በጣና ዙሪያ ትኩሳት ያለበትና የሚቀባዥር ሰውም የወባ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ አእምሮ ክፍል አይላክ።

ጸበል የሚሄደውን መቆጣት አይጠቅምም፤ ሁለተኛ ሳይናገር ይሄዳል። ጸበሉንም ክኒኑንም ይያዝ፤ በጾም ወራት የሚቻለው መድኃኒት ማታ ከምግብ በኋላ አንዴ እንዲወሰድ ይስተካከል። መድኃኒት በቆመ ማግስት ሕመሙ አይመለስም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ቤተሰብ «አላስፈለገውም ነበር» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን አስቀድሞ መንገር የእኛ ሥራ ነው።

በቀጠሮ ቀን «ድምፅ ይሰማዎታል? ይተኛሉ?» ብቻ ይጠየቅና ያው ክኒን ይደገማል። ሌላም ይጠየቅ፦ ካለፈው ወዲህ ምን ሠሩ? ከማን ጋር ይበላሉ? ክኒኑ ምን ነሣዎት? አንድ ቀን ቅሞ ወይም ጠጥቶ የመጣም አይሰደብ፤ የተሰደበ ሰው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል። የቀረውንም «ጠፋ» ብሎ ከመዝጋት በፊት ይደወልለት። «ሥራ ላይ ነኝ» ካለ፣ እሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ።

በአእምሮ ጤናና በሱስ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር