የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ የተሸነፈውም ሐሳብ ይጻፍ

እውነቱን ለመናገር፣ ለዘንድሮ ያቀረብኩት ርዕስ የአክሱም ሳንቲሞችን ነበር። በድምፅ ተሸነፍኩ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ጳውሎስን ያስተማረው ገማልያል ማን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ በዚያው የጥንት አይሁድ ሊቃውንት ውስጥ ገባን።

ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት ሂሌልን ነው። ከባቢሎን የመጣ ድሃ የቀን ሠራተኛ ነበር። ታልሙድ የተባለው የሊቃውንቱ የሕግና የትረካ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ከዕለት ገቢው ግማሹን ለትምህርት ቤቱ በረኛ ይከፍላል። አንድ ዓርብ ሥራ ስላጣ በረኛው አላስገባው አለ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ በመስኮቱ ተደፍቶ ሲያዳምጥ በረዶ ወረደበት። በማግስቱ ቤቱ ጨለመ። መምህራኑ ቀና ቢሉ የሰው ቅርጽ አዩ። ሰንበት ቢሆንም አውርደው፣ አጥበው፣ እሳት ዳር አስቀመጡት። «ክፍያ ያኔም ነበር እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሊቃውንቱ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ መሆናቸውም ገርሞናል። ረቢ ዮሐናን ጫማ ሰፊ ነበር። የረቢ ኢያሱ ቤት ግድግዳ በከሰል የጠቆረ ነበር። እረኛው አኪቫ ደግሞ ፊደል የጀመረው በ40 ዓመቱ ነው ይባላል።

በወላጆች ቀን ድራማ አሳየን። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱን ከማፍረሳቸው በፊት፣ ሌላው ዮሐናን፣ ሊቁ ዮሐናን ቤን ዘካይ፣ ሞተ ተብሎ በሬሳ ሣጥን ከተከበበችው ኢየሩሳሌም ወጣ። ከዚያም ያቭኔ በምትባል ከተማ የሊቃውንት ጉባኤ አቋቋመ። የእኛ ሣጥን ከካርቶን ነበር። መድረኩ መሃል ሥሩ ተቀደደና «ሟቹ» ዘጭ አለ። ልብሱን አራግፎ ወደ ያቭኔ በእግሩ ሄደ። ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«የኛዎቹ ቤተ እስራኤልስ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። እነሱ በኦሪትና በቄሶቻቸው ነው የኖሩት፤ ሚሽናና ታልሙድ አልነበራቸውም።

ሚሽና ማለት እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ረቢ ይሁዳ ያሰባሰበው፣ በቃል ሲወርድ የኖረው ሕግ ነው። የሂሌልና የተከራካሪው ሊቅ የሻማይ ደቀ መዛሙርት ክርክር እዚያ ሞልቷል። ብዙ ጊዜ የሚረታው የሂሌል ወገን ነው። የተረታው ግን አልተሰረዘም። ምክንያቱንም ራሱ ሚሽና ይናገራል፤ ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ሸንጎ ይደገፍበት ይሆናል።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የክበቡ ቃለ ጉባኤም እንዲሁ ይጻፍ አሉ። የመጀመሪያውን ስብሰባ መዝገብ ሳይቀር አወጡና አሟሉት፦ «የአክሱም ሳንቲሞች፣ 1 ድምፅ፣ መምህር።» ለከርሞ ተስፋ አለኝ።