ጎመኑ ከፌስታሉ ሳይደባለቅ ስጡን፦ ለባሕር ዳር ከተማ የጽዳትና ውበት ሥራ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በከተማችን መንገድ ዳር ችግኝ፣ አበባና የአትክልት አፈር ሸጠው ከሚያድሩት አንዱ ነኝ። ቦታዬ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አጥሬ ላይ የሚሰቀለውን ፌስታል መልቀም ከውኃ ማጠጣት እኩል የዕለት ሥራዬ ሆኗል። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከገበያ የሚወጣው የሚበሰብሰው ቆሻሻ መኪና ላይ ተጭኖ ከሌላው ጋር ከመደባለቁ በፊት፣ ለብቻው እንድንወስደው ፍቀዱልን።

የጎመን ቅጠል፣ የማንጎ ልጣጭ፣ የሸንኮራ ምጣጭ፣ ጫት የተጠቀለለበት ኮባ፣ ገራባው ራሱ፣ ለእኔ ሁሉም የኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ጥሬ ዕቃ ነው። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ ላም ካላቸው ጎረቤቶች እበት እጨምርበታለሁ። ባለሙያዎች ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያስፈልጋል ይላሉ፤ አረንጓዴውና እበቱ ናይትሮጅኑን፣ ደረቁ ካርቦኑን ያመጣሉ። እኔ ግን የምለካው በአፍንጫዬና በመዳፌ ነው። ክምሩ ከገማ ሰጋቱራ እጨምራለሁ፣ አልሞቅ ካለ እበት። ደረት ድረስ ከፍ ብሎ በደንብ ከተሠራ በሳምንት ውስጥ እጅ አያስገባም። ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ጥቂት ቀን ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተውሳክ ይሞታል። ከዚያ እያገላበጡ፣ እርጥበቱን እየጠበቁ ሦስት ወር ገደማ መታገሥ ነው። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ጥቁር፣ የዝናብ ሽታ ያለው አፈር ነው። (በእኛ አፍ «ማዳበሪያ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ከረጢቱ ሆኗል፤ ውስጡ የነበረው ዋጋው ስላልተቀመሰ መሰለኝ።)

ይህንኑ አምና በጋ በተደባለቀ ቆሻሻ ሞከርኩት። አንድ ባለጋሪ ከገበያ ጭኖ አመጣልኝ። ስንገለብጠው ከጎመኑ ሥር የጠርሙስ ስባሪ፣ ባትሪ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሃይላንድ፣ ከሁሉም በላይ ፌስታል፣ ፌስታል፣ ፌስታል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን መዳፉን በምላጭ ተቆረጠ። ለቀምን፣ ከበሰበሰ በኋላም በወንፊት ነፋን፤ ጥሩ ሠራን ብለን ነበር። ከወር በኋላ በሶብላ የገዙኝ አንዲት እናት ተክሉን ከነአፈሩ ይዘው መጡ። ከሥሩ መሐል ረጅም የፌስታል ጭራ እየመዘዙ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነው የምትዘራው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ በሶብላውን ቀየርኩላቸው። የቀረውን አፈር እስከ ዛሬ አልሸጥኩትም፤ አጥር ጥግ ተከምሮ ይታያል።

በአገራችን ከተሞች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው። ከምላጩና ከባትሪው ጋር አንዴ ከተደባለቀ ግን እንኳን ለአትክልት፣ ለመንካትም አይሆንም። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየር አጥቶ ሲታፈንም ሚቴን ጋዝ ያወጣል።

ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በየቤቱ ያለ አባወራና እማወራ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያወጣ ያዝ ነበር። ስስ ፌስታልንም፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን፣ ፈቃድ ነፍጎት ነበር። በ2017 ደግሞ የፌስታል ክልከላው በአዲስ አዋጅ ጠበቀ። ለይ የተባለ ሰው ግን የለየውን የሚያኖርበት ሁለተኛ ገንዳ ካላየ፣ ሁለቱንም አንዱ ውስጥ ይጥላል። እኔም ቤቴ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ይህን ሐሳብ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። «ቆሻሻ የመሰብሰብ ፈቃድ አለህ?» ተባልኩ። የለኝም፣ ችግኝ ሻጭ ነኝ። «እንግዲያው ማኅበር ተደራጅ።» እንዲህ ያለው መልስ ደጋግሞ ይገጥመናል፤ አልቀየምም። ግን በማኅበር ተደራጅተው ቆሻሻ የሚያነሡትን ልጆች እንጀራ የመንጠቅ ሐሳብ የለኝም። እንዲያውም የተለየውን በማዳበሪያ ከረጢት እየቆጠርኩ ከእነሱ ልገዛ እፈልጋለሁ። ቆርቆሮውንና ሃይላንዱን ቆራሌዎች ከማንም በፊት ይለቅሙታል፤ ዋጋ አለውና። ጎመኑም ዋጋ ቢኖረው የሚለቅመው አይጠፋም።

የራሴን ደብቄ የሰው ብቻ ብናገር ደግሞ ነውር ነው። እኛ ችግኝ ሻጮች በየወቅቱ የምናወጣው ጥቁር የችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ቀላል አይደለም። ሰው ችግኙን ሲተክል በቢላ ይተረትረውና እዚያው ይጥለዋል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ጣና ይወስደዋል። እኔም የተቀደደውን ከአጥር ጀርባ አቃጥል ነበር፤ ጎረቤቴ ልጇ በጭሱ ሌሊቱን ሲያስል ማደሩን እስክትነግረኝ ድረስ። አሁን የሚገዛኝን ሰው ሁሉ አፈሩን ቀድሞ በውኃ እንዲያርስ፣ ፕላስቲኩን ሳይቀድ በቀስታ እንዲያወልቅ አሳየዋለሁ። ሃያ ባዶ ለመለሰልኝ አንድ የጽጌረዳ ችግኝ በነፃ እሰጣለሁ። የተመለሰውን አጥቤ ሁለት ሦስት ጊዜ እሞላበታለሁ። ትልልቁን ተክል ወደ ተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አሸጋግራለሁ። ይህ ግን በፈቃድ የሚሆን ነገር ስለሆነ ሁሉም አይመልስም። ለምትክሉት የመንገድ ዳር ችግኝ ጨረታ ስታወጡ «ባዶ ፕላስቲኩን አቅራቢው መልሶ ይወስዳል» የምትል አንዲት መስመር ብትጨምሩ፣ እኛ ሻጮች ሳንወድ እንለምዳታለን።

እምቦጩንስ ለምን ኮምፖስት አታደርገውም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አረሙ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ የደንቢያንና የፎገራን ሕዝብ፣ ምን እንዳደረገው አውቃለሁ። ከክብደቱ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ነው፣ ዘሩም ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ክምሬ አንድ ጊዜ ሳይሞቅ ቢቀር ከአበባው ጋር እምቦጭ በየቤቱ የማድል እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ አልነካውም። የሙቀት መለኪያና ጥብቅ ቁጥጥር ያለው ቦታ ከተዘጋጀ ያኔ እንነጋገራለን። የእኔም ክምር ቢሆን ሐይቁ ዳር መቀመጥ የለበትም፤ ዝናብ ሲመታው የሚወርደው ጥቁር ውኃ አረሙን የሚቀልበው ዓይነት ነው። ከዳርቻው ራቅ ያለ፣ ጣሪያ ያለው ቦታ ያስፈልጋል።

ጥያቄዬን ወደ መሬት ላውርደው። ለአንድ ገበያ፣ ለአንድ በጋ ሙከራ ይፈቀድልን። ገበያው ውስጥ ለሚበሰብሰው ብቻ የሚሆን አንድ ጥግ ስጡን፤ ፊደል ያልቆጠረውም እንዲረዳው በላዩ ላይ ጎመን እናስልበታለን። ቅዳሜ አመሻሽ ገበያው ሲበተን፣ የእናንተ መኪና ከመምጣቱ በፊት፣ ሁለት ሰው ለመለየት፣ አንድ ጋሪ ለመጫን በራሴ ወጪ አቀርባለሁ። ከመንገድ ዳር ዛፎች የምትከረክሙትም ቅጠልና ቅርንጫፍ ከመጣል ይልቅ ለእኛ ይምጣ፤ ዘንባባው ለመበስበስ ዳተኛ ነውና ከትፈን እንጠቀምበታለን። ያነሣነውን በማዳበሪያ ከረጢት በየሳምንቱ ቆጥሬ በጽሑፍ አቀርብላችኋለሁ። በጋው ሲያልቅ ካልተዋጣልን ጥጉን ጠርጌ እመልሳለሁ።

ባለሙያ ብትልኩ ሁለቱንም ክምር አሳየዋለሁ፤ የሞቀውንም፣ ፌስታል ያለበትንም።

ከአክብሮት ጋር፣
በጣና ዳር የሚኖር ችግኝ ሻጭ
ባሕር ዳር